ባሕሩ ሲፈቅድልሽ ተሻገሪ

ልጄ፣ እናትሽ ደውላ ነገረችኝ። ከሥራሽ ፈቃድ ወስደሽ፣ ከጓደኛሽ ጋር የደቡብ ምዕራብ እንግሊዝን የባሕር ዳርቻ መንገድ ከማይንሄድ እስከ ፑል ወደብ በእግርሽ ልትጨርሺው ተነስተሻል አሉ። እሷማ «አንተ መንገዱን ታውቀዋለህ፣ ምከርና አስቀርልኝ» ነው ያለችኝ። መምከሩን እመክርሻለሁ፤ ማስቀረቱን ግን ከእኔ አትጠብቅ። ቅድመ አያትሽ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ከቀያቸው በእግራቸው ነው የሄዱት። ስንቃቸው በሶና ቆሎ ነበር፤ ሲመሽባቸውም የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ብለው በሰው ደጅ ያድሩ ነበር። ርቆ መሄድ ለዘራችን አዲስ አይደለም። አዲስ የሚሆንብሽ ባሕሩ ነውና ምክሬም ስለ እሱ ይበዛል።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። መጀመሪያ መንገዱ ለምን እንደወጣ እወቂ። ሰውን ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ለማድረስ ታስቦ የወጣ መንገድ አይደለም። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሻይ፣ ብራንዲና ትምባሆ ከባድ ቀረጥ ስለተጣለባቸው፣ ኮንትሮባንድ በዚያ ዳርቻ የብዙ ቤት መተዳደሪያ ሆኖ ነበር። ጀልባዋ በሌሊት ወደ አንዷ ወሽመጥ ትገባለች፣ ዕቃው ይራገፋል፣ ሳይነጋ ሁሉም ይሰወራል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1822 የባሕር ዳርቻ ጠባቂዎችን በአንድ አደራጅቶ ዳርቻውን በእግር እንዲቃኙ አሰማራቸው። ጠባቂው እያንዳንዷን ወሽመጥ፣ እያንዳንዱን ዋሻ በዓይኑ ማየት ነበረበት። ስለዚህ የገደሉን አፋፍ ይዞ ይሄዳል፤ ወሽመጥ ሲያገኝ ይወርዳል፤ አይቶ ተመልሶ ይወጣል። አንቺ የምትረግጪው የእነዚያን ሰዎች ዱካ ነው።

ርዝመቱ 630 ማይል፣ ማለትም ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዳገቱ ሁሉ ቢደመር 35,000 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ኤቨረስትን ከባሕር ጠለል ተነስቶ አራት ጊዜ ሊወጣ ምንም ያህል አይቀረውም። ከመንገዱ ሁሉ ከፍተኛው ቦታ፣ ግሬት ሃንግማን የሚሉት ኮረብታ፣ ግን 318 ሜትር ብቻ ነው። ሁለቱን ቁጥር አስተያዪአቸው። አንድ ጊዜ ወጥተሽ የምትገላገዪው ትልቅ ተራራ የለም። ስትወርጂ ስትወጪ፣ ስትወርጂ ስትወጪ ነው የምትውዪው። ጉልበት የሚጨርሰውም ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ነው፤ ምርኩዝ ያዢ፣ ሁለት ቢሆን ይሻላል።

ለማየት የወጣ መንገድ ለመድረስ የሚቸኩልን ሰው ያሠቃያል። ማዶ ያለው መንደር ጣሪያው፣ ጭሱ፣ የተሰጣው ልብስ ሳይቀር ይታይሻል፤ በመካከላችሁ ግን ሦስት ሸለቆ አለ። ሰዓትሽ ላይ ማይል ስትቆጥሪ ከዋልሽ ማታ የሚተርፍሽ ንዴት ነው። በተለይ ከሃርትላንድ ኪ እስከ ቡድ ያለው ቀን፣ ካርታ ላይ 15 ማይል ገደማ ሆኖ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ከጠቅላላው መንገድ እጅግ ከባድ ከሚባሉት አንዱ እሱ ነው። ያን ቀን ማልደሽ ተነሺ፣ ሌላ ነገር አትቅጠሪ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ለምጣድ ብቻ የተነገረ እንዳይመስልሽ። እኔና ባለቤቴ ጡረታ ከወጣን በኋላ መንገዱን እየቆራረጥን ነው የሄድንበት፤ የተማርነውም ቀኑን በማይል መክፈል ትተን በወሽመጥና በወንዝ መክፈል ነው።

ስለ ሸክም ረጅም ነገር አልናገርም። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ድንኳኑን፣ ምድጃውንና ምግቡን ከጓደኛሽ ጋር ተካፈሉት። ቦርሳሽን ሞልተሽ የቤታችሁን ደረጃ ደጋግመሽ ውጪ ውረጂ፤ ከዚያ ምን እንደምታስቀሪ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ድንኳን ለመትከል የመሬቱን ባለቤት ማስፈቀድ የአገሩ ሕግ ነው፤ በሩን አንኳኩተሽ ጠይቂ። የከፈትሽውን የግጦሽ በር መልሰሽ ዝጊ።

ስለ እግርሽ ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። ተረከዝሽ ወይም ጣትሽ አካባቢ የሆነ ቦታ መጋል ሲጀምር፣ ገና ውሃ ሳይቋጥር፣ እዚያው ቁሚ። ጫማውን አውልቂ፣ አሸዋውን አራግፊ፣ ካልሲውን ገልብጠሽ እዪው፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ስፌቱ ውስጥ ተሰክታ ታገኛለሽ። እግርሽን አድርቂና ቦታውን በፕላስተር ሸፍኚው። ጓደኛሽ ፈጣን ከሆነች ተሸማቀሽ ዝም አትበያት። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል፤ በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ ካለመናገር ጉዞው ራሱ ይቀራል። ማታ ቁስሉን ይዞ የሚያድረው የታገሠው ሰው ነው።

በሶ ያዢ፤ በውሃ በጥብጠሽ በጨው ብትጠጪው እኩለ ቀን ላይ የሚያነሳ ምግብ ነው። ዳቦ ቆሎም አይነቅዝም፣ አይቀልጥም። ኮርንዋል ስትገቢ ፓስቲ ታገኛለሽ፤ የማዕድን ቆፋሪው ምሳ የነበረ ነው፣ ሥጋና ድንች ያለበት። ኦገስት ላይ መንገድ ላይ ከሆንሽ ከ7 እስከ 21 ፍልሰታ ነውና የአትክልቱን ጠይቂ። በጾም እንዲህ ያለ ዳገት እስከ ስንት ሰዓት ይቻላል የሚለውን ለነፍስ አባትሽ አማክሪ፤ እኔ በዚህ ጣልቃ አልገባም።

አሁን ወደ ባሕሩ ልምጣ።

እኛ የደጋ ሰዎች ነን። ወንዝ ሊሞላ ሲል ምልክቱን እናውቃለን፤ ከላይ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ድምፁ ከሩቅ ይመጣል። ባሕር ይህን ሁሉ አያሳይም። በጠራራ ፀሐይ፣ ነፋስ ጸጥ ባለበት፣ ልጆች አሸዋው ላይ ኳስ ሲጫወቱ ይሞላል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይሉ የነበሩት አያቶቻችን ይህን ባሕር አላዩትም፤ ቢያዩት ግን ሌላ ቃል አይፈልጉለትም ነበር።

ሙላቱን የሚያስነሳው የጨረቃና የፀሐይ ስበት ነው። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ የነገው ሙላት ከዛሬው 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ሙላቱ ከፍ፣ ጉድለቱም ዝቅ ይላል። ጉዞሽን የምትጀምሪበት የብሪስቶል የባሕር ወሽመጥ ወደ ሰቨርን ወንዝ ሲጠጋ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 14 ሜትር ይደርሳል፤ በዓለም ላይ እንዲህ የሚሆንበት ቦታ ጥቂት ነው። ጠዋት በእግር የሄድሽበት አሸዋ ከሰዓት በኋላ ብዙ ሜትር ውሃ ሥር ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በየወደቡ ከተማ ሱቅ ውስጥ የሙላቱንና የጉድለቱን ሰዓት የያዘ ትንሽ መጽሐፍ ይሸጣል። ግዢው። ስትገዢው የመጀመሪያውን ገጽ አንብቢ፤ በግሪንዊች ሰዓት የተዘጋጀ ከሆነ ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ አንድ ሰዓት መደመር ያስፈልጋል። አንድ ሰዓት ቀልድ አይደለችም፤ ደረቅ አሸዋንና የሚያሰጥም ውሃን የምትለየው እሷ ናት። ገደል ሥር ባለው አሸዋ ብንሄድ ይቀርበናል የሚል ሐሳብ ሲመጣባችሁ ተዉት። ከኋላ ውሃ፣ ከፊት ውሃ፣ ከላይ ገደል ሆኖ የሚቀረው እንዲህ ያለው ሰው ነው። ገደሉም ራሱ የሚታመን አይደለም፤ ዶርሴት ውስጥ ሳይታሰብ ይናዳል። አፋፉ ላይ ለፎቶ አትቁሚ፣ ሥሩም ተቀምጠሽ ምሳ አትብዪ። መንገዱ ተዘግቷል፣ በዚህ ዙሩ የሚል ጽሑፍ ካየሽ ዙሪ።

ወንዞቹን አብዛኛውን በጀልባ ትሻገሪያለሽ። ፓድስቶው ላይ፣ ፎይ ላይ፣ ሳልኮም ላይ፣ ዳርትማውዝ ላይ ጀልባ አለ። አንዳንዱ ጀልባ ግን ወቅቱ ሲያልፍ ይቆማል፣ አንዳንዱ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ይሠራል፤ ማታ ማታ የነገውን ጠይቂ። ከፕሊማውዝ በስተምሥራቅ ባለው በኤርም ወንዝ ላይ ደግሞ ጀልባ የሚባል የለም። ሞዝኮም ከምትባለው ትንሽ ቦታ ወርደሽ በእግርሽ ነው የምትሻገሪው፤ እሱም ባሕሩ እጅግ ከሚጎድልበት ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድሞና አንድ ሰዓት ዘግይቶ ባለው ጊዜ ብቻ። ዝናብ ከበዛ ወይም ባሕሩ ከተቆጣ በዚያም ጊዜ አይሞከርም፤ በመኪና መንገድ ዙሪያውን መሄድ ነው።

እዚያ ቀድመሽ ድረሽ። ብዙ ሰው የሚጠላው ያን መጠበቅ ነው፤ እኔ ግን ከመንገዱ ሁሉ የምወደው እሱን ነው። መጀመሪያ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ወደ ባሕር ሲጣደፍ ታዪዋለሽ፤ ይሻገሩታል ብሎ የሚያምን የለም። ባለቤቴ አሸዋው ላይ ዘርጋ ብላ ተቀምጣ ዳቦ ቆሎዋን ትቆረጥም ነበር። ቀስ እያለ መሐል ላይ የአሸዋ ጀርባ ብቅ ይላል፣ ወፎች ይወርዱበታል፣ ውሃው ጠቦ ጠቦ ቀለሙ ይጠራል። ያን ጊዜ ጫማሽን አውልቂ፣ ካልሲውን ውስጡ ክተቺ፣ ማሰሪያዎቹን አስረሽ አንገትሽ ላይ አንጠልጥዪው። የቦርሳሽን የወገብ ቀበቶ ፍቺ፤ ብትወድቂ ቦርሳው ይዞሽ እንዳይሄድ ነው። አሸዋው ውስጥ ለውስጥ ትልም ትልም አለው፣ እግር ሥር ጠንካራ ነው። ውሃው ይቀዘቅዛል፤ አጥንት ድረስ ይገባል። ከውሻው ጋር የሚሻገር የአገሬው ሰው ካየሽ የሚረግጠውን ርገጪ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና፣ ስለዚያ ወንዝ ከየትኛውም ካርታ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ገና ጊዜው ሳይደርስ አንዱ ወጣት ዘሎ ሲገባ ብታዪ አትከተዪው። ብልህ በሰው ይማራል፣ ሞኝ በራሱ።

ለምን ይህን ያህል አጠብቅብሻለሁ? ኮርንዋል ውስጥ ከማውዝል መንደር አለፍ እንዳልሽ፣ ፔንሊ የሚባል ቦታ ላይ፣ የድሮ የነፍስ አድን ጀልባ ቤትና አጠገቡ የመታሰቢያ የአትክልት ቦታ ታገኛለሽ። እዚያ ቁሚ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 1981 ማታ ዩኒየን ስታር የምትባል ጭነት መርከብ ሞተሯ ጠፍቶ ወደ ገደሉ እየተነዳች ነበር። በውስጧ ስምንት ሰው አለ፤ ከእነሱ አንዷ የካፒቴኑ ሚስት፣ ሁለቱ የእሷ ልጆች ናቸው። ሄሊኮፕተር ተልኮ ነፋሱ አላስጠጋው አለ። ከማውዝል ስምንት ሰዎች ሰሎሞን ብራውን በምትባለው የእንጨት ጀልባ ወጡ። ደመወዝተኞች አልነበሩም፤ የገዛ ሥራቸው ያላቸው የመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከመውጣታቸው በፊት የጀልባዋ አዛዥ ትሬቬልያን ሪቻርድስ፣ አብሮ ለመሄድ የተዘጋጀውን አንድ ወጣት አባቱ ቀድሞ ስለተሳፈረ ከአንድ ቤት ሁለት ሰው አልወስድም ብሎ አስቀረው። አራት ሰው እንደያዙ በሬዲዮ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ድምፅ አልተሰማም። አሥራ ስድስቱም አለቁ። በማግስቱ ለአዲስ ጀልባ የሚበቃ ሰው ከዚያችው መንደር ፈቃደኛ ሆኖ ቀረበ። እስከ ዛሬ በየዓመቱ በዚያ ቀን ማውዝል የገና መብራቷን ታደበዝዛለች።

ልጄ፣ አንቺ አሸዋ ላይ ውሃ ቢከብሽ የሚወጣልሽ እንዲህ ያለ ሰው ነው። እራቱን ትቶ፣ ልጆቹን ትቶ ይመጣል፤ ስም እንኳ ሳይጠይቅሽ። የነፍስ አድን ማኅበራቸው እ.ኤ.አ. በ1824 ከተመሠረተ ጀምሮ እንዲህ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው፣ በትዕግሥት ማጣት የሰው አባት ሌሊት ባሕር ላይ ማውጣት የለብሽም። ከተቸገርሽ ግን አታመንቺ፤ 999 ደውለሽ የባሕር ዳርቻ ጠባቂዎችን ጠይቂ። በወሽመጦቹ ውስጥ ስልክ ብዙ ጊዜ አይሠራምና ፉጨት ያዢ፤ በደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ማረፍና መድገም የታወቀ የድረሱልኝ ምልክት ነው።

የቀረውን ባጭሩ ልበልሽ። ከብት ዘመዳችን ነው ብለሽ ጥጃ ወዳላት ላም አትጠጊ፤ ዞረሽ እለፊ። ረጅም ሣር ካለፍሽ በኋላ ማታ እግርሽንና ብብትሽን ለመዥገር ፈትሺ። እፉኝት አለ፤ ካልረገጥሽው አይነካሽም። ጭጋግ ወርዶ ግራ ከገባሽ፣ ከማይንሄድ የተነሳ ሰው ባሕሩ እስከ መጨረሻው በቀኙ እንደሆነ አስታውሺ፤ የመንገዱ ምልክትም የኦክ ዛፍ ፍሬ ሥዕል ነው። ከሲተን እስከ ላይም ሪጂስ ያለው ጫካ እ.ኤ.አ. በ1839 በገና ሰሞን በተናደ መሬት ላይ የበቀለ ነው፤ ከገባሽበት መውጫው ማዶው ብቻ ስለሆነ ውሃ ሞልተሽ ግቢ። ከሉልወርዝ በስተምሥራቅ ያለው መሬት የጦር ሠራዊት መተኮሻ ነው፤ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ መንገዱ ዝግ ነው። አብዛኛውን ቅዳሜና እሁድ ይከፈታል፤ ሲከፈትም ከቢጫዎቹ ችካሎች ውጭ እግርሽን አታንሺ፣ ያልፈነዳ ጥይት አለ። እዚያው አካባቢ ያለችውን የታይናምን መንደር ጎብኚ፤ ነዋሪዎቿ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1943 ለጦርነቱ ተብሎ እንዲወጡ ተደርገው ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም።

መጨረሻው ሲደርስ፣ ከስዋኔጅ ወጥተሽ ኦልድ ሃሪ የሚባሉት ነጭ የኖራ ድንጋዮች ባሕር ውስጥ ቆመው ታገኛቸዋለሽ። ቀኑ ከጠራ በባሕሩ ማዶ ወደ ምሥራቅ ተመልከቺ፤ እንደ እነሱ ነጭ የሆኑ ድንጋዮች ይታዩሻል። የአይል ኦፍ ዋይት ደሴት ጫፍ ነው። ድሮ ሁለቱ አንድ ተራራ ነበሩ፣ ባሕሩ ነው የበጠሳቸው። በዚያ ደሴት ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1868 በካፒቴን ስፒዲ እጅ ኖሯል። ሰባት ዓመቱ ነበር፤ አባቱ መቅደላ ላይ፣ እናቱ በመንገድ ሞተውበታል። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ሴት እዚያው ያነሳችውን ፎቶ አይተሽ ይሆናል፤ ፊቱ ላይ ልጅነት የለበትም። በ1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ በ18 ዓመቱ አረፈ፣ አጽሙም እስከ ዛሬ ዊንዘር ነው። አገሩን ሳያይ የቀረ ልጅ ነው። በዚያ መንገድ የሚያልፍ እንግሊዛዊ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ አንቺ ግን አውቀሽ እለፊ፤ ነፍስ ይማር ሳትዪም አትለፊ።

እንግዲህ ይህን ያህል ካልኩሽ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እናትሽ ባሕር ትፈራለች፤ ቢነግሯትም አይገባትም። ስልክ ከሚሠራበት ቦታ በየማታው ደውዪላት፣ የት እንዳደርሽና ነገ የትኛውን ወንዝ በስንት ሰዓት እንደምትሻገሪ ንገሪያት። ለእኔም ኤርም ስትደርሺ ደውዪልኝ።